«ራን»፦ ከእግር እስከ ባቡር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ላይ ለእንግሊዝኛ መምህራንና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ሙቀት መጥታችሁ ስለተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ማራገቢያው ሥር ቦታ አለ፤ ወደ ፊት ቅረቡ።

ስለ እንግሊዝኛ ከማውራቴ በፊት በራሳችን ቃል ልጀምር። «አቦ»።

ድሬ ላደገ ሰው ይህን ቃል ማስረዳት አያስፈልግም። «አቦ ተወኝ!» ስንል ተሰላችተናል። «አቦ ይመችህ!» ስንል ደስ ብሎናል። «ኧረ አቦ?» ስንል የሰማነውን ማመን አቅቶናል። «አቦ፣ እስቲ አንዴ» ስንል እየለመንን ነው። ከመሐል አገር የመጣ እንግዳ ግን መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። እሱ የሚያውቀው አቦ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የሚታሰቡት ጻድቁ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። ስለዚህ «አቦ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ምን እንመልስለታለን? «ማን፣ ለማን፣ በምን ድምፅ እንዳለው ንገረኝና ልንገርህ» ነው የምንለው።

ዛሬ የምናገረው ይኸንኑ ነው። ቃልን ከሰፈሩ አውጥታችሁ ብቻውን አቁማችሁ ብትጠይቁት አይመልስላችሁም።

ይዤላችሁ የመጣሁት ቃል «ራን» ነው። በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ሕፃናት እንግሊዝኛ ሲጀምሩ ከሚማሯቸው የመጀመሪያ ግሦች አንዱ ነው። ሰሌዳ ላይ «ራን፦ ሮጠ» ብለን እንጽፋለን። ልጆቹ ጮክ ብለው ይደግማሉ። ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቃል እናልፋለን። እኔም እንዲህ ነው የተማርኩት፤ ለብዙ ዓመታትም እንዲህ ነው ያስተማርኩት።

አንድ ፈተና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ነው። ወደ አማርኛ የሚመለሱ ዓረፍተ ነገሮች ሰጠሁ። አንደኛው «ማይ አንክል ራንስ ኤ ሆቴል» የሚል ነበር። አንድ ጎበዝ ልጅ «አጎቴ ወደ ሆቴል ይሮጣል» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና ዜሮ ሰጠሁት።

ልጁ ያደረገው ነገር የታየኝ ቆይቶ ነው። እንግሊዝኛው ውስጥ «ወደ» የሚል የለም። እሱ ነው የጨመረው። «አጎቴ ሆቴል ይሮጣል» ትርጉም አልሰጥ ሲለው፣ በያዘው ቃል አንድ ነገር እንዲሆንለት ጠገነው። እያሰበ ነበር! እኔ የሰጠሁት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ በዚያው ቁልፍ ሁሉንም በር ሊከፍት ሞከረ። አጎቱ ሆቴል እንደሚያስተዳድር የሚያውቅበትን መንገድ አላሳየሁትም። ዛሬ ቢሆን ግማሽ ማርክ ሰጥቼው፣ «ወደን ለምን ጨመርክ?» ብዬ በክፍሉ ፊት አስነግረው ነበር።

የዚህን ቃል ስፋት በቁጥር ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ትልቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የታሰበው በ1857 ነው። ጄምስ መሪ የሚባል ስኮትላንዳዊ ከ1879 ጀምሮ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ደከመበት፤ በ1915 ሲሞት ሥራው ገና አላለቀም ነበር። የመጀመሪያው እትም የተጠናቀቀው በ1928 ነው። በ1989 ሁለተኛው እትም ሲወጣ በትርጉም ብዛት የሚመራው «ሰት» የሚለው ግሥ ነበር። ዕቃ ማስቀመጥ፣ ገበታ ማሰናዳት፣ የፀሐይ መጥለቅ፣ የሲሚንቶ መጠንከር፣ ሁሉም በእሱ ይነገራል። 430 ትርጉም ተቆጠረለት፤ ማብራሪያው ብቻ 60,000 ቃል ገደማ ፈጀ። ለሦስተኛው እትም መሰናዶው ሲቀጥል ግን «ራን» ቀደመው። ፒተር ጊሊቨር የተባለ የመዝገበ ቃላቱ ባለሙያ በዚህ አንድ ግሥ ላይ ዘጠኝ ወር ሠራ። ያገኘው 645 ትርጉም ነው። ያውም ግሥ ሆኖ ሲመጣ ብቻ።

ዘጠኝ ወር! ልጅ ተፀንሶ የሚወለድበት ጊዜ ነው። አንድ ሰው ያን ያህል ጊዜ አንዲት ቃል ላይ ተቀምጦ ማንኛዋንም አጠቃቀሟን ላለመዝለል መታገሱ እኔን በጣም ይነካኛል።

645 ሲባል ተማሪ ይደነግጣል። አትደንግጡ። ትርጉሞቹ እንደ ፉርጎ የተያያዙ ናቸው። እኛ ደግሞ ፉርጎ የምናውቅ ሰዎች ነን። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ በደረሰ ጊዜ፣ በ1902፣ ከተማችን አብራው ተወለደች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ጅቡቲ ላይ የቆመ ሰው አዲስ አበባን አያያትም። ነገር ግን በደወሌ፣ በአይሻ፣ በሽንሌ፣ በድሬ፣ ከዚያ በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶ፣ በአዋሽ እያለ ባቡሩ ይደርሳል። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚቀጥለውን ያውቀዋል። የ«ራን» ትርጉሞችም እንደዚያ ናቸው። በእግር መሮጥና ሆቴል ማስተዳደር ምንም አይገናኙም ትላላችሁ። በመሐል ያሉትን ጣቢያዎች ካያችሁ ግን መንገዱ ወለል ይልላችኋል።

መነሻው እግር ነው፤ ሰውም እንስሳም ይሮጣል። እዚህ አልቆይም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ጣቢያ ውሃ ነው። ይኼ በጣም የቆየ ትርጉም ነው። የቃሉ የሥጋ ዘመድ የሆነው የጀርመንኛው «ሪነን» ዛሬም «ፈሰሰ» ማለት ነው። እንግሊዞች ወንዝ በከተማ መሐል «ይሮጣል» ይላሉ። እኛስ ምን እንላለን? ደቻቱን አስቡት። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከላይ ከተራራው ዝናብ ሲጥል ግን «ደቻቱ መጣ!» ተብሎ ይጮኻል። በእኛ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በሌሊት መጣ፤ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ያን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው «ወንዙ ሮጠ» አይልም። «መጣ» ነው የሚለው። ለእኛ ወንዝ ይመጣል፣ ይሞላል፣ ይወርዳል። አማርኛው የቆመው ከዳር፣ ጎርፉ ወደሚደርስበት ሰው ጎን ነው። እንግሊዝኛው የሚያየው የውሃውን አካሄድ ነው። አንድ ወንዝ ነው፤ ሁለት ቋንቋ ሁለት ቦታ ቆሞ አየው።

ከውሃ ወዲያ ፈሳሽ የሆነ ሁሉ ይከተላል። አፍንጫ «ይሮጣል»፤ እኛ ንፍጥ ወረደ እንላለን። ሻወሩም «ይሮጣል»፤ እኛ ውሃው ይወርዳል ነው የምንለው። አዲስ ልብስ ሲታጠብ ቀለሙ «ይሮጣል»፤ እኛ ቀለም ለቀቀ እንላለን። ወተት የሚያረጋው አይብ መሥሪያ ነገር እንኳ በእንግሊዝኛ «ሬኔት» የሚባለው ከዚሁ ከ«ራን» ወገን ነው። ወተቱ አንድ ላይ «ሮጦ» ተሰበሰበ ብለው ይሆናል የሚያስቡት። እኛ ደግሞ የዚያኑ ተቃራኒ አየንና «ረጋ» አልነው! ይህን መጀመሪያ ያወቅኩ ቀን ሥራዬን ትቼ ብዙ አሰብኩ።

ሦስተኛው ጣቢያ መስመር ነው። እዚህ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ጭራሽ የለም። መንገድ ከድሬ ሐረር «ይሮጣል»፤ የጀጎል ግንብ በሐረር ዙሪያ «ይሮጣል»። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ግንብ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ታዲያ ምኑ ነው የሚሮጠው? የተመልካቹ ዓይን ነው፤ ግንቡን ተከትሎ ይሄዳል። ይኼ እንግዳ ነገር ነው የምትሉ ከሆነ፣ መንገድ ስትጠይቁ ራሳችሁን አድምጡ። «ይኼ መንገድ የት ይወስዳል?» እንላለን። «ቀጥ ብሎ ይሄድና በስተግራ ይታጠፋል» ይሉናል። አስፋልቱ የትም አልሄደም፤ የሄድነው በሐሳብ እኛ ነን።

አራተኛው ማሽን ነው፤ «ራን» እንዲህ የሰፋው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር ፋብሪካው፣ መዘውሩ፣ ሎኮሞቲቩ በየቦታው ሲነሳ፣ ሳያቋርጥ ለሚሽከረከር ነገር ሁሉ አንድ ቃል አስፈለገ። ውሃ እንደሚፈስ፣ ፈረስ እንደሚሮጥ ሳይቆም የሚሄድ ነገር ነውና «ራን» ቅርብ ሆነላቸው። ሰዓቱ፣ ወፍጮው፣ ሞተሩ ሁሉ «ይሮጣል» ተባለ። ዛሬ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም «ይሮጣል»። የእኛ ልጆችም ኮድ ሲጽፉ «ራን አድርገው» ይላሉ፤ አማርኛችን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ወደ ሐረር የሄዳችሁ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚያስገባውን ጠባብ መንገድ ታውቁታላችሁ። መኪና ግርግር ይባላል። የዋህ እንግዳ ስሙን ሲሰማ የተሽከርካሪ ትርምስ ይጠብቃል። እዚያ ያለው መኪና ግን የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ፔዳሉን ሲረግጡ የሚሰማው ድምፅ ነው ለመንገዱ ስም የሆነው። እኛም እንግዲህ መኪና የምንለው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ባቡርም እንደዚያው ነው። የሚሄድበት ሐዲድ ቢኖርም ባይኖርም፣ በእንፋሎት የሚሠራ ትልቅ ነገር ለአባቶቻችን ባቡር ነበር። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው የመንገድ መዳመጫ ዛሬም ድረስ «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ ነው የሚታወሰው።

ማሽን ካልኩ የአንዲት የቀድሞ ተማሪዬን ታሪክ ልንገራችሁ። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። አንድ ምሽት የውጭ አገር እንግዳ ከክፍሉ ደውሎ «ዘ ቶይሌት ኢዝ ራኒንግ» አላት። እሷ ደግሞ ጎበዝ ነበረች፤ ማሽን ሲሠራ «ራን» እንደሚባል ታውቃለች። ስለዚህ «መጸዳጃው ይሠራል» ብላ ገባት። «አመሰግናለሁ ጌታዬ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ሰውየው ግን ሊል የፈለገው ውሃው መፍሰስ አላቆም ብሏል ነው። በማግስቱ ጠዋት ታንከሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ውሃ እንዴት እንደሚገኝ ለምታውቁት ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ልጅቷ ተቆጣጣሪዋ ፊት ቆማ አለቀሰች።

እኔ ዘንድ መጥታ «መምህር፣ ቃሉን አውቀው ነበር እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቃሉን ታውቀው ነበር። ሁለተኛውን ጣቢያ አልፋ አራተኛው ላይ ነበር የወረደችው። የሚገርመው፣ በአንድ ቃል «በደንብ ይሠራል» እና «ተበላሽቷል» ማለት መቻሉ ነው። የሚለያቸው ከጎኑ ያለው ስም ነው። ፍሪጅ «ሲሮጥ» ደህና ነው። መጸዳጃ «ሲሮጥ» ቧንቧ ሠሪ ጥሩ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ጣቢያዎች ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ማሽን ከሮጠ የሚያስሮጠው ሰው አለ። ማሽን ያስሮጣል፣ ፋብሪካ ያስሮጣል፣ ሱቅ ያስሮጣል፣ ሆቴል ያስሮጣል። ይኸው፣ የተማሪዬ አጎት ዘንድ ደረስን! ጊዜም ይከተላል፤ ውል እስከ ሰኔ «ይሮጣል»፣ ማለትም ይጸናል። ጠባይና በሽታም በዘር «ይሮጣል»፤ እኛ በዘር ይወርዳል እንላለን። ለምርጫ መቅረብን አሜሪካኖች «መሮጥ» ሲሉት እንግሊዞቹ «መቆም» ይሉታል። ቋንቋቸው አንድ ሆኖ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይቆማል። እኛ ደግሞ «ይወዳደራል» እንላለን፤ ውድድር የሯጮቹም የፖለቲከኞቹም ስለሆነ ከአሜሪካኖቹ ጋር ሳንመካከር ተስማምተናል።

ትንንሾቹን ተከታዮች ደግሞ አትርሱ። ከ«ራን» ኋላ «አውት» ሲገባ አለቀ፣ «ኦቨር» ሲገባ ገጨ፣ «ኢንቱ» ሲገባ ድንገት ተገናኘ ይሆናል። በዚህ ብቻ ሌላ ቅዳሜ ይወጣዋል።

«የእንግሊዝኛ ነገር! ለምን ለሁሉም የራሱን ቃል አያወጡለትም?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ይህን ለሚል ሁሉ «ያዘ» የሚለውን ቃል እሰጠዋለሁ። እስቲ አማርኛ ለሚማር ሰው አስረዱልኝ። ፖሊስ ሌባ ያዘ። ጉንፋን ያዘኝ። ሥራ ያዘች። ወረፋ ያዙልኝ። ቂም ያዘብኝ። ጾም ያዝን። ዝናብ መንገድ ላይ ያዘን። ይኼ አዳራሽ ስንት ሰው ይይዛል? ስልኩ ተይዟል። የተናገርኩትን ያዛችሁት? የተከልነው ችግኝ ያዘ። ቤቱን መያዣ አድርጎ ተበደረ። አሁን እጅ ብቻ ነው የሚይዘው ብሎ የተማረ ሰው «ችግኙ ያዘ» ሲባል ችግኙ ምን ጨበጠ ብሎ ነው የሚያስበው? እውነቱን ለመናገር ችግኙ አፈር ጨብጧል። ሥሩን ሰድዶ መሬቱን ይዟል። እኛ ግን አንድም ቀን ቆመን አላሰብነውም፤ ምክንያቱም «ያዘ»ን ለብቻው የተማረ ማንም የለም። ከጉንፋን ጋር፣ ከወረፋ ጋር፣ ከጾም ጋር እየሰማን ነው ያደግነው።

እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጆን ፈርዝ በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቃል የሚታወቀው አብሮት በሚውለው ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። እኛ ስለ ሰው የምንለውን እሱ ስለ ቃል አለው። ለእኔ የማስተማር ሥራዬን የለወጠው ይህ ነው። አሁን ሰሌዳ ላይ «ራን፦ ሮጠ» ብዬ አልጽፍም። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ አንዱ ላይ ልጅ፣ አንዱ ላይ ቧንቧ፣ አንዱ ላይ ሱቅ አለ። «ማነው የሚሮጠው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እግር ያለው ነገር ነው? ፈሳሽ ነው? ረጅም ቀጭን ነገር ነው? ማሽን ነው? ድርጅት ነው? የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይህን ይመልሳል። የመለሰ እንደሆነ አማርኛውን ራሱ ያመጣዋል።

እናንተ ተማሪዎች ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ነው የምታነቡት። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ «ይሮጣል» ሲል፣ ሙከራ «አስሩጡ» ሲል ትደናገራላችሁ። ብዙ ጊዜ ፊዚክሱ አይደለም የከበዳችሁ። ስለዚህ ደብተራችሁን ከመሐል ሰንጥቃችሁ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ መጻፉን ተዉት። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ጻፉ። ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ። ያው ቃል በሌላ ቀን በሌላ ሰፈር ስታገኙት ከሥሩ ጨምሩበት። መዝገበ ቃላትም ስትከፍቱ የመጀመሪያውን ትርጉም ይዛችሁ አትሩጡ። ታገሱና ወደ ታች ውረዱ። ምሳሌዎቹን አንብቡ። ዘጠኝ ወር አልልም፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

እኛ ድሬዎች ለዚህ የተፈጠርን ነን። አንድ ባጃጅ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ሲደባለቅ ውለን እናድራለን። አንዱ ቋንቋ ጠቦ ሲያስቸግረን ከሌላው እንበደራለን። ቃል ከሰፈር ሰፈር ሲቀየር ገና በልጅነታችን ሰምተናል። ይህን ጆሮ ወደ ክፍል ስንገባ በር ላይ ትተነው እንገባለን፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥያቄ ሲከፈት አንድ አዛውንት ከመሐል ተነሱ። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው።

«መምህር፣ ጥሩ ተናገርክ» አሉ። «እኛ ግን ሥራውን የሠራነው በፈረንሳይኛ ነው። ሎኮሞቲቩ ደህና ሲሆን ‹ሳ ማርሽ› ነበር የምንባባለው። ማርሽ ደግሞ በእግር መሄድ ነው። እንግሊዝ ባቡሩን ሲያስሮጠው ፈረንሳይ በእግሩ ያስኬደዋል ማለት ነው?»

«አዎ አባባ፣ ልክ ነዎት» አልኳቸው። «አማርኛው ደግሞ ‹ይሠራል› ብሎ እንደ ሰው ሥራ ያስገባዋል።»

ከኋላ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። ባጃጅ ነጂ ነኝ አለ። «እኛ ማርሽ የምንለው መቀየሪያውን ነው እኮ። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ። ያው ቃል ነው?»

ዘመድ መሆናቸውን ነገርኩት። የጣሊያንኛው «ማርቻ»ም የሰልፍ እርምጃም የመኪና ማርሽም መሆኑን ጨመርኩለት። ሌላ ሰው «የሰልፍ ሙዚቃውስ?» አለ። እሱም ማርሽ ነው። አዳራሹ ተንጫጫ። ሰዓታችንም አለቀ።

ስወጣ አዛውንቱና ወጣቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጁ በግራ እጁ የባጃጁን ማርሽ እየቀየረ ያሳያቸዋል። እሳቸው ደግሞ «ቆይ፣ ቆይ፣ የኛ እንዲህ ነበር» እያሉ በሁለት እጃቸው የሎኮሞቲቩን እጀታ ይስቡለታል።